ሽማግሌ የት ይዋል?

ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው «የት ይደሩ?» የሚለው ነው። አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ግቢ፣ መጦሪያ ቤት። «የት ይዋሉ?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ቤት አለው፣ ልጅም አለው፤ ልጁ ሥራ ሲወጣ ግን ከማለዳ እስከ ምሽት ከግድግዳ ጋር ተፋጦ የሚውል ሽማግሌ ስንት ነው? ማደሪያ ስላለው «ችግረኛ» ተብሎ አይመዘገብም። ሌላው ዓለም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የቀን መዋያ ማዕከል አበጅቶለታል። ጠዋት ይሄዳል፣ ምሳ ይበላል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል፣ የደም ግፊቱን ይለካል፣ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንጅ ፈጠራ ይመስላል። የላስታን ደጋ ለሚያውቅ ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባለ ገደል ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለች ገዳም ናት። የአካባቢው ትውፊት ሥራዋን ቅዱስ ላሊበላ እንደጀመረውና በንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ዘመን እንደተፈጸመ ይናገራል። በእግር ወይም በበቅሎ ሁለት ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ መጨረሻው ላይ በአለት መካከል በተቆረጠ ጠባብ መተላለፊያ ይታለፋል። ለጎብኚ ይህ የፎቶ መንገድ ነው። ጉልበቱ ለከዳው የአካባቢው ሽማግሌ ግን ማኅበራዊ ሕይወቱን የሚወስነው ያ ዳገት ነበር። መውጣት የቻለ ቀኑን ከሰው ጋር ይውላል፤ ያልቻለ ከቤቱ ጥግ ይቀራል።

ቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ቤት ብቻ ስላልነበረ ነው ይህ የሆነው። የአንድ አረጋዊ ወር በቀን መቁጠሪያ የተከፋፈለ ነበር። በ12 የሚካኤል፣ በ19 የገብርኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ ማኅበር ይኖራል። እሑድ ሰንበቴ አለ። ተረኛው አባል ዳቦውን ጋግሮ፣ ጠላውን ጠምቆ ወደ ሰንበቴ ቤቱ ያመጣል፤ ካህኑ ይባርካል፤ አባላቱ ይቀምሳሉ፤ ከግቢው ጥግ የተቀመጡት ደካሞችም ድርሻቸው ይደርሳቸዋል። በመካከሉ የሞተ ሰው ተዝካር፣ የአንዱ ዝክር፣ የሌላው ስለት ይገባል። ዘመዱ ያለቀበት ሽማግሌ የትኛው ቀን የማን ቤት እህል እንደሚቀመስ በቃሉ ያውቃል። ልመና ብሎ የሚጠራው የለም፤ ጥሪ ነው። ልዩነቱ ለሆድ ላይታወቅ ይችላል፣ ለክብር ግን ትልቅ ነው።

ጾሙም የራሱ ሥራ ነበረው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው የሚያበቃው ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ወጣቱ እርሻውን ደርሶ ይመጣል። ሽማግሌውና መነኩሲቷ ግን ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ያለበትን ግድግዳ እየተከተሉ ይቀመጣሉ። ዳዊት የሚደግመው ይደግማል፣ እማሆይ እንዝርታቸውን ያሾራሉ፣ አንዱ የወሰን ጠብ ይሸመግላል፣ ሌላው የቀበሌውን የዘር ሐረግ እየቆጠረ ልጆችን ያርማል። ዛሬ በየማዕከሉ በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራው «የአእምሮና የእጅ እንቅስቃሴ» ሥሙ ይለይ እንጂ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው አገልግሎት ግን በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። እሱም መታጣት ነው። ሁልጊዜ ከዚያ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡት አባት ሁለት ቀን ካልታዩ «ምን ሆነው ነው?» ይባላል፤ የንስሐ አባት ይጠየቃል፤ አንድ ልጅ ይላካል። በሌሎቹ የወሎ ወረዳዎች በሙስሊሙ ዘንድ ወዳጃውና ሐድራው ተመሳሳይ ሥራ ይሠሩ ነበር። ቡናው ሲፈላ፣ ዱዓው ሲደረግ የጎደለው ሰው በቦታው ይታወቃል።

ነገሩን ማሳመር ግን አያስፈልግም። እንክብካቤው ዋጋ ነበረው፣ ዋጋውም መሬት ነበር። በርስት ዘመን ሽማግሌው ሥልጣኑን የሚያጸናው መሬቱን ማን እንደሚያርስ በመወሰን ነው፤ ለጧሪው ልጅ የተሻለውን ማሳ መለየት የተለመደ ነበር። ያ የሌለው፣ በተለይ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ቆብ ጭና ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ በምትገኝ ጎጆ ትገባለች። ምንኩስናው መንፈሳዊ መሆኑ አይካድም፤ ለብዙ አሮጊቶች ግን ብቸኛው የማኅበራዊ ዋስትና መንገድም እሱ ነበር። የላስታ ክብ የድንጋይ ቤት ደግሞ ሁለት ደርብ አለው። መሰላሉን ወይም የድንጋይ ደረጃውን መውጣት ያቃተው ሰው ገና በገዛ ቤቱ ዳገት ይገጥመዋል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ የልጅ ልጅ ነበር። ከልጆቹ አንዱ «የአያት ልጅ» ተብሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ያድጋል፤ ውሃ ይቀዳል፣ እሳት ያነድዳል፣ ዓይናቸው ሲደክም በትራቸውን ይዞ ይመራል። ዛሬ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፣ መሆንም ያለበት እዚያ ነው። ግን እሱ የለቀቀውን ቦታ ማን እንደሚይዝ የጠየቀ አልነበረም።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ታሪክ ተሸክሟል። የወጣው «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ጧሪ ቀባሪ እንደሚባለው ልጅ ወላጁን የሚያኖርበት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ደነገገ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ቁጥር 209/1955 የመንግሥት ሠራተኛውን ጡረታ ሲያደራጅ ቃሉ ከልጅ ወደ መሥሪያ ቤት ተሻገረ። የግል ድርጅት ሠራተኛ እስከ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ድረስ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠብቋል። ገበሬው ዛሬም አልገባበትም። የላስታ አራሽ ጡረታ የሚያውቀው በመጀመሪያ ትርጉሙ ነው፤ ልጁ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።

ልጁም እየራቀ ሄደ። የሰንበቴው ዳቦ ከምርት ነው የሚመጣው፤ ምርት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው የማኅበር ድግስ ነው። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ወሎን ሲመታ ሽማግሌው የተጎዳው ሁለት ጊዜ ነው፤ እህሉ አለቀ፣ እህሉን ያቀብለው የነበረው ማኅበርም ተበተነ። በ1977 እና በ1978 መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ አገሪቱ ሲያሰፍር አብዛኛው ከወሎ ነበር፤ የሚፈለገውም ማረስ የሚችል ጉልበት ነው። በየቀዬው የቀረውን መገመት አይከብድም። ከዚያ ቀደም በ1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከገባር ሥርዓት ሲያላቅቅ ትልቅ ፍትሕ ሠርቷል። በዚያው ልክ ግን የሽማግሌውን የመደራደሪያ ኃይል ወሰደ፤ መሬት የሚያድለው የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። ኋላ የአማራ ክልል የመሬት ሕግ ባለይዞታው ለሚጦረው ሰው መሬቱን በስጦታ እንዲያስተላልፍ በር ከፈተ። አሮጌው ልማድ በአዋጅ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ክርክሩን ይዞ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይላል። «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ለሌላቸው ቀጥታ ድጋፍ ስለሚሰጥ በላስታ ላሉ አረጋውያን እውነተኛ ለውጥ አምጥቷል፤ ግን እህል ወይም ብር ሰጥቶ ይለያል፣ አብሮ አይውልም። የከተማው እድር ደግሞ ታሪካዊ መሠረቱ ቀብር ነው። ሰው በሕይወት እያለ ለብቻው ሲቆዝም የማያውቀው ማኅበር በሞተ ማግስት ድንኳን ይተክላል። አንዳንድ እድሮች በቅርብ ዓመታት በሕይወት ላሉ አባላትም መድረስ መጀመራቸው ከዚህ አንጻር ትንሽ ነገር አይደለም። ብንያም በለጠ በ2002 የመሠረተው መቄዶንያ በሺዎች የሚቆጠሩ ጎዳና ላይ የወደቁትን አንሥቷል። መቄዶንያ የሚመልሰው ግን «የት ይደሩ?» የሚለውን ነው፤ ቤት ያለው ብቸኛ ሽማግሌ እዚያ አይደርስም፣ መድረስም የለበትም።

የቀን መዋያው በሌላው ዓለም እንዴት እንደመጣ ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ሐኪሙ ላየነል ኮሲን በ1950ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የአረጋውያን የቀን ሆስፒታል ሲከፍት ዓላማው አልጋ ማስለቀቅ ነበር፤ ቤቱ ማደር የሚችል ሰው ሆስፒታል ለምን ይደር? በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ኦን ሎክ የተባለው ድርጅት በ1973 በፈረንጆች አቆጣጠር ማዕከሉን ሲከፍት ምክንያቱ ሌላ ነው። ስደተኞቹ ቤተሰቦች ወላጆቻቸውን ቋንቋቸውና ምግባቸው ወደሌለበት መጦሪያ መላክ አልፈለጉም። ስለዚህ ወላጅ ከቤቱ ሳይወጣ ቀኑን የሚውልበት ቦታ አበጁ፣ መኪናም ላኩ። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ የልጅ ልጅ ለማሳደግ የሄዱ ኢትዮጵያውያን እናቶችና አባቶች ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ በአፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ቀርተው፣ በዚሁ ዓይነት ማዕከል እንጀራ እየበሉ የሚውሉ አሉ። በደጀ ሰላም ያደገ ሰው አሜሪካ ሄዶ ደጀ ሰላሙን በቫን ተመላልሶ አገኘው።

መኪናው ነው ትልቁ ልዩነት። ደጀ ሰላሙ የመጣውን ይቀበላል፤ መምጣት ያልቻለውን ይጠይቃል እንጂ አያመጣም።

ላሊበላ ውስጥ ጥያቄው አሁን ይበልጥ ከብዷል። ከተማዋ የምትኖረው በጎብኚ ነው፤ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ በቅሎ የሚያከራየው ወጣት ወደ ገጠሩ ወላጁ ብር ይልካል። በ2012 ኮቪድ መጣ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። በየመካከሉ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወጣ፤ ሽማግሌው ቀረ። ገና በመጣ ቁጥር ካሜራው የሚያነሳቸው ነጭ የለበሱ አረጋውያን በታኅሣሥ 29 በሕዝብ መካከል ናቸው። በጥር መጀመሪያ የት እንደሚውሉ የሚከታተል ካሜራ የለም።

የሰንበቴ ቤት ግን በየደብሩ አለ። ጣሪያ አለው፣ መደብ አለው፣ ጋን አለው፣ ተራ የሚያውቁ አባላት አሉት። አብዛኛው እሑድና በበዓል ይከፈታል፤ በቀሩት ቀናት ቁልፉ ከአለቃው ጋር ነው። ከፍቶ እሳት የሚያነድድ አንድ ሰው፣ በሳምንት አንድ ቀን የደም ግፊት የሚለካ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ዳገቱን ላልቻሉት አንድ በቅሎ ቢጨመርበት ሰኞም የሚዋልበት ቤት ይሆናል።