አር-ኦ-ቲ-ሲ፦ ኮሌጅ እየተማሩ መኮንን መሆን፣ ከመፈረም በፊት መታወቅ ያለበት

አሜሪካ የምትኖሩ ተከታታዮቻችን፣ ቤታችሁ ውስጥ ኮሌጅ ሊገባ የተዘጋጀ ልጅ ካለ «አር-ኦ-ቲ-ሲ» የሚለው ቃል ሳይነሳ አይቀርም። ልጁ «ትምህርቴን ይከፍሉልኛል» ይላል፤ እናት ደግሞ «ጦር ሜዳ ሊወስዱብኝ ነው» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛም ዛሬ ጉዳዩን ከሥሩ ልናየው ወደድን። ዓመቶቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አር-ኦ-ቲ-ሲ ማለት የተጠባባቂ መኮንኖች ማሰልጠኛ ማለት ነው። ስሙ «ተጠባባቂ» ይበል እንጂ ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ የሚገቡት መደበኛው ጦር ውስጥ ነው። በእኛ አገር መኮንንነት ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ሆለታ ወይም ሐረር ጦር አካዳሚ ነው፤ ልጁ ከሲቪሉ ዓለም ወጥቶ ካምፕ ይገባል። አሜሪካም ዌስት ፖይንትን የመሰለ አካዳሚ አላት። አር-ኦ-ቲ-ሲ ግን ሌላ መንገድ ነው። ተማሪው አካውንቲንግም ይማር ነርሲንግ፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ዶርም ውስጥ እየኖረ፣ ጎን ለጎን ወታደራዊ አመራር ይሰለጥናል። ዲግሪውን የተቀበለ ጊዜ ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል፣ በባሕር ኃይል ከሆነ ደግሞ የዚያው አቻ ማዕረግ ይሰጠዋል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1819 አልደን ፓርትሪጅ የተባለ ሰው በቨርሞንት የከፈተው፣ ዛሬ ኖርዊች ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትምህርት ቤት የዚህ ሥልጠና መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ የመንግሥት መሬት ተሰጥቷቸው የተቋቋሙ ኮሌጆች ወታደራዊ ትምህርት እንዲሰጡ አዘዘ። ዛሬ የምናውቀው አር-ኦ-ቲ-ሲ የተመሠረተው ግን በ1916 በወጣው የአገር መከላከያ ሕግ ነው። የባሕር ኃይሉ በ1926፣ የአየር ኃይሉ በ1946 ተከተሉ። በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 1960ዎቹ ድረስ ለወንድ ተማሪዎች ግዴታ ነበር። ከዚያ የቬትናም ጦርነት መጣ። በግንቦት 1970 ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቃውሞ ሲነሳ የአር-ኦ-ቲ-ሲው ሕንፃ ተቃጠለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የናሽናል ጋርድ ወታደሮች ተኩሰው አራት ተማሪዎችን ገደሉ። ሃርቫርድን የመሰሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሥልጠናውን ከግቢያቸው አስወጥተው፣ ወደ በሩ የመለሱት ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በ2011 ነው።

የስደተኛ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ሰው ኮሊን ፓውል ነው። ከጃማይካ ከመጡ ወላጆች ኒውዮርክ ተወልዶ፣ ሲቲ ኮሌጅ ጂኦሎጂ እየተማረ አር-ኦ-ቲ-ሲ ገባ፤ በ1958 መኮንን ሆኖ ወጣ። በ1989 የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የኤታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። እውነት ነው፣ ያኮራል። ግን የአንድ ሰው ታሪክ አይቶ ውል አይፈረምም።

ሳምንቱ ምን ይመስላል? አርሚውን እንውሰድ። ተማሪው በሳምንት ጥቂት ቀን ሌሎች ልጆች ተኝተው ሳሉ በጠዋት ተነስቶ ይሮጣል። አንድ የክፍል ትምህርት አለው፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ የተግባር ልምምድ። ካርታና ኮምፓስ ይዞ ጫካ ውስጥ ነጥብ መፈለግ፣ ትእዛዝ መስጠት፣ ሌሎችን መምራት ይለማመዳል። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ባለው በጋ ኬንታኪ ውስጥ ፎርት ኖክስ ለአምስት ሳምንት ገደማ ይሄዳል። እዚያ አንድ ቀን እሱ መሪ ነው፣ በማግሥቱ ሌላው ይመራል እሱ ይታዘዛል፤ እየተመዘኑ ነው የሚውሉት። ውጤቱ በኋላ በየትኛው ክፍል እንደሚመደብ ለመወሰን ይረዳል። ኢንጂነሪንግ ወይም ነርሲንግ ለሚማር ልጅ ይሄ ሁሉ ቀላል ጫና አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የአርሚው ስኮላርሺፕ ሙሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ ወይም በዚያ ፈንታ የመኖሪያና የምግብ ወጪን መምረጥ ይቻላል። ይቺን ልብ በሉ። ልጁ በሌላ እርዳታ የትምህርት ክፍያው የተሸፈነለት ከሆነ የመኖሪያውን መምረጥ ይሻለው ይሆናል። በዚህ ላይ በዓመት 1,200 ዶላር ለመጽሐፍ፣ ትምህርት ባለበት ወር ደግሞ 420 ዶላር የኪስ ገንዘብ አለ።

ዋናው ነገር ያለው ፊርማው ላይ ነው። ስኮላርሺፕ ያልወሰደና ውል ያልፈረመ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ትምህርት ተከታትሎ «አልወደድኩትም» ብሎ መውጣት ይችላል። ማንም አይጠይቀውም። የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ ያገኘም የመጀመሪያውን ዓመት ሞክሮ መውጣት ይችላል። ሁለተኛው ዓመት ከጀመረ በኋላ ግን ታስሯል። አቋርጦ ከወጣ ጦሩ የከፈለለትን ገንዘብ ያስመልሰዋል፣ ወይም ተራ ወታደር አድርጎ ያስገባዋል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ ጦሩ ነው፣ ተማሪው አይደለም። ብዙ ወላጅ ይህን የሚሰማው ልጁ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲደክመው ነው፤ ያኔ የተከማቸው የትምህርት ክፍያ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ያለ ችግር የተመረቀ ደግሞ በጠቅላላው የስምንት ዓመት ግዴታ አለበት። በአርሚው ስኮላርሺፕ የተማረ አብዛኛውን ጊዜ አራቱን ዓመት በመደበኛ ጦር፣ ቀሪውን በተጠባባቂነት ያሳልፋል። ስምንቱንም ዓመት በናሽናል ጋርድ ወይም በተጠባባቂ ጦር ማገልገልም አለ። በአየር ኃይል አብራሪ የሚሆን ከበረራ ሥልጠናው በኋላ አሥር ዓመት ይጠበቅበታል። እናትየዋ የፈራችው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ጦርነት ከተነሳ ምክትል መቶ አለቃው ወደታዘዘበት ይሄዳል። ነርስ ቢሆንም ይሄዳል። ይህን ሸፍኖ ስለ ስኮላርሺፕ ብቻ ማውራት ልክ አይመስለንም።

ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቁ እንቅፋት ዜግነት ነው። ስኮላርሺፑን ለማግኘት፣ ውሉን ለመፈረምና መኮንን ለመሆን የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግድ ነው፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። በዲቪ የመጣ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ልጃችሁ በስንት ዓመቱ እንደመጣ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። ግሪን ካርድ ይዞ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ኮሌጁ ከፈቀደለት መከታተል ይችላል፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን በሩ ይዘጋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው አብሮት የሚኖር አሳዳጊ ወላጁ ዜጋ ከሆነ፣ ልጁም በዚያው በሕግ ዜጋ ይሆናል። መሐላ አይፈጽምም፤ ፓስፖርት ወይም የዜግነት ሰርተፊኬት ማውጣት ብቻ ነው የሚቀረው። ወላጅ «ምን ያስቸኩላል» እያለ የዜግነት ማመልከቻውን ካሳደረና ልጁ 18 ከሞላው ግን ይህ ዕድል አለፈ፤ ልጁ በራሱ ማመልከት ሊኖርበት ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ለወላጅ ውሳኔው ከባድ መሆኑ ይገባናል። ቢሆንም የልጁን የልደት ቀን እያዩ መወሰን ጥሩ ነው።

ሌላው የደኅንነት ማጣሪያው ነው። መኮንን የሚሆን ሰው ሚስጥራዊ መረጃ ለማየት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሚሞላው ቅጽ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችን፣ ወደ ውጭ የተደረገ ጉዞን፣ ለውጭ ዜጋ የተሰጠ የገንዘብ እርዳታን ሁሉ ይጠይቃል። ለአክስት የተላከውም ገንዘብ ይጻፋል። አዲስ አበባ ዘመድ መኖሩ ብቻውን አያስጥልም፤ የሚያስጥለው መደበቅ ነው። «ዝም ብለህ እለፈው» የሚል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉ።

በመጨረሻ፣ የሚንኳኳው በር ይለያያል። ገበያ አዳራሽ ውስጥ ቢሮ ከፍቶ የሚጠብቀው ሪክሩተር በዋናነት የሚመለምለው ተራ ወታደር ነው። ለአር-ኦ-ቲ-ሲ የሚኬደው ወደ ዩኒቨርሲቲው የወታደራዊ ሳይንስ ክፍል ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የራሱ አለው። ኮሌጁ ፕሮግራሙ ባይኖረውም ጎረቤት ሄዶ መሰልጠን ይቻላል፤ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲና የጆርጅ ዋሽንግተን ተማሪዎች በአርሚው ፕሮግራም የሚሰለጥኑት ከጆርጅታውን ጋር ነው። ሃይስኩል ውስጥ ያለው ጁኒየር አር-ኦ-ቲ-ሲ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ልጃችሁ ዩኒፎርም ለብሶ ቢመጣ አትደንግጡ፣ የውትድርና ግዴታ አያመጣም።