ስለ ጋጋኖ፦ ለመንዝና ለግሼ የአርማ ወፍ በሕዝብ ድምፅ ስለ መምረጥ

ለአንድ አገር ወይም አውራጃ አርማ የሚሆነውን ወፍ በሕዝብ ድምፅ የመምረጥ ልማድ ለእኛ እንግዳ ቢሆንም፥ በአሜሪካ የኦሬገን ተማሪዎች በ1927 እ.ኤ.አ. ከመረጡ ወዲህ በየአገሩ ተስፋፍቷል፤ ስለ ታሪኩ ይህን ብቻ ብዬ አልፈዋለሁ።

ክርክሬ ሌላ ነው። ከራቤል እስከ ጓሳ ባለው የመንዝና የግሼ ደጋ እንዲህ ያለ ምርጫ ቢደረግ፥ ጎሕ ሲቀድ ከገደሉ አፋፍ በመንጋ ተነሥቶ፥ በጩኸቱ ሰፈሩን ቀስቅሶ፥ ቀኑን በጨፌው ውስጥ ትልና ነፍሳት ሲለቅም የሚውለው፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም የማይገኘው ጋጋኖ ከእጩዎች ተራ አስቀድሞ እንዳይሰረዝ እፈራለሁ፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከርኩሳን አዕዋፍ ጋራ ተቈጥሯልና።

ይህን ፍርድ ያከበደው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ነው። የግሪኩ ደራሲ፥ ኢቢስ የተባለችው የጋጋኖ ወገን ወፍ ዋና ስለማትችል በውኃ ዳር እየዞረች የሞተ ዓሣ ትለቅማለች፥ ስለዚህም ወደ ጥልቁ ምሥጢር የማይገባ ኃጥእ ምሳሌ ናት ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ ወደ ግእዝ ተመልሶ ሲነበብ ኖሮ፥ ፍሪትዝ ሆምል በ1877 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ ከጀርመንኛ ትርጓሜ ጋራ አሳተመው። ሆምል ሊቅ ነበረ፤ ነገር ግን ድካሙ ሁሉ በንባቡ የዘር ሐረግ ላይ ስላለቀ፥ ምሳሌው የተነገረባት ወፍና የግእዙ አንባቢ በደጁ የሚያየው ወፍ አንድ መሆናቸውን ለመመርመር ፋታ አላገኘም። መርምሮ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቅርብ ነበረ፤ የፊሳልጎስ ኢቢስ የግብፅ ወንዝ ዳር ወፍ ስትሆን፥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1837 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው የእኛ ጋጋኖ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የጓሳ ሣር ላይ የሚሰማራ ነውና፥ ከዓሣ በድን ጋራ ምንም ጉዳይ የለውም።

«ኦሪቱስ?» ለሚሉ፥ ኦሪት የከለከለው መብሉን እንጂ ሥዕሉን አይደለም። ንሥር በዚያው ዝርዝር መጀመሪያ ተጽፎ ሳለ የወንጌላዊው የዮሐንስ ምልክት ሆኗል፤ በመዳፉ የሚሄድ አውሬ ሁሉ ርኩስ ተብሎ ሳለም የይሁዳ አንበሳ በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ኖሯል። እስራኤላውያን ራሳቸው በ2008 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ የአገር ወፍ ሲመርጡ፥ ከጋጋኖ ሁለት ቍጥር ዝቅ ብሎ የተጻፈውን ጅንጅላቴ ወፍ መርጠዋል።

የተፈጥሮ ሊቃውንት ደግሞ ጆን አሽ በ1976 እ.ኤ.አ. በአንኮበር አጠገብ አግኝቶ በ1979 የገለጸውን፥ በጓሳም የሚኖረውን ትንሽ ቡናማ ወፍ ሊያስቀድሙ ይወዱ ይሆናል። ብርቅነቱን አልክድም፤ ነገር ግን በመነጽር ካልሆነ ከሌሎች ጥቃቅን ወፎች ለመለየት የሚያስቸግረውን ለሕዝብ ምርጫ ማቅረብ የሊቃውንቱን ምርጫ በሕዝብ እጅ ማስፈረም ነው። ለምሳሌ፥ የካናዳ ንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር ለአገር ወፍ ወደ 50,000 የሚጠጋ ድምፅ ከሰበሰበ በኋላ፥ በ2016 እ.ኤ.አ. አንደኛ የወጣውን ሉን የተባለ ወፍ ትቶ ሦስተኛውን ግሬይ ጄይ ሾመ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ቀዳሚዎች የኦንታሪዮና የኪቤክ አርማዎች መሆናቸው ነበር። ምክንያቱ ከድምፁ በፊት ተነግሮ ቢሆን በወደድሁት። የጓሳን ሣር መከፈቻ ጊዜ በየአጥቢያው ቄሮ በተባሉ የሣር ጠባቂ ሹሞች አማካይነት ሲመክርበት የኖረ፥ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስም ሥርዓቱን የጠበቀ ሕዝብ፥ ድምፁ እንዲህ ቢገለበጥበት ዝም የሚል አይመስለኝም።

ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ቁራ የሚመርጡም አይጠፉም። ከኖኅ መርከብ ወጥቶ የቀረውን መልእክተኛ ለአርማ መሾም ግን ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ኤልያስን መግቧል ቢሉኝ፥ ያ ታዝዞ ነው። በመጨረሻም፥ ጋጋኖ በባሌና በሰሜን ተራሮችም ስላለ የመንዝ ብቻ አይደለም የሚለው ተቃውሞ፥ የአንኮበሩን ወፍ ከሚያስቀድሙት አፍ ሲወጣ ይገርመኛል፤ የአንኮበሩ ወፍም በሰሜን ተራሮች ተገኝቷልና።