ሞልቶ የማያውቅ ጉድጓድ፦ ከቤቴል ግቢ የታየ የአዲስ አበባ የፍሳሽ ታሪክ



ውሃ ወደዚህች ከተማ እንዴት እንደ ገባ ሁላችንም አስተምረናል። በ1886 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ማድረሱን የማይጠቅስ የከተማዋ ታሪክ ጥቂት ነው። ያ ውሃ ካገለገለ በኋላ ወዴት ሄደ? ይህን ጥያቄ እኔም ለዓመታት አልጠየቅሁም ነበር።

ያስጠየቀኝ መዝገብ ቤት አይደለም። ባለፈው ነሐሴ ቤቴል በሚገኘው ቤቴ የመታጠቢያው ፍሳሽ ሽቅብ መጣ። ቤቱ ከተሠራ 14 ዓመት ሆኖታል፤ ጉድጓዱ አንድ ቀን እንኳ ተመጥጦ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ «የእኛስ ሞልቶ አያውቅም» እያልሁ ለጎረቤት እኩራራ ነበር። ክዳኑም በግቢው ንጣፍ ሥር ተቀብሮ ስለ ነበር ቦታውን ለማግኘት ሴራሚክ አስፈለጥን። የቆፈረው ሠራተኛ ወደ ውስጥ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ታንከር አይደለም፤ ታቹ አፈር ነው» አለኝ።

ይህ አነጋገር የታሪኩ ቁልፍ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራ በ19ኛው መቶ ዘመን ያስተዋወቀው፣ እንግሊዛዊው ዶናልድ ካሜሮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1895 በኤክሰተር ከተማ «ሴፕቲክ ታንክ» ብሎ የሰየመው ዕቃ ወለልም ግድግዳም ያለው፣ ውሃ የማያሳልፍ ነው። ዝቃጩ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ መካከል ላይ የቀረው ውሃ ብቻ ወደ መስረጊያው ያልፋል። ዝቃጩ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ካልተነሣ ወደ መስረጊያው ተሻግሮ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። በክረምት፣ አፈሩ ራሱ ውሃ በጠገበ ጊዜ፣ ውጤቱን የመታጠቢያ ቤት ወለል ይናገራል። እኛ ስሙን ወሰድን፤ ወለሉን ግን ብዙዎቻችን ለሲሚንቶ ቁጠባ ስንል ተውነው። እንግዲያስ «ሞልቶ አያውቅም» ማለት ለካ «ሲያፈስ ኖሯል» ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤት ጉድጓድ ውሃ ቢያስቆፍር የሚቀዳው ከዚያው አፈር ነው። የከተማዋን የከርሰ ምድር ውሃ የመረመሩ ባለሙያዎችም በየቦታው ከፍተኛ ናይትሬት መዝግበዋል።

ነገሩን በባለቤቶች ስንፍና ብቻ መተርጎም ግን ታሪክን ማሳጠር ነው። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋ ከተቆረቆረች ከ80 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው ወደ ቀበሌ ዞረ። የጋራ ሽንት ቤቱም አብሮ ዞረ፤ የሁሉም ሆነና የማንም ሳይሆን ቀረ። የቃሊቲ ማጣሪያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምር በቀን ሊቀበል የታቀደለት 7,600 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነበር። 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራው አዲሱ ጣቢያ የተመረቀው በ2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ከተማዋ ወደ ምዕራብ ተስፋፍታ ሠፈራችንን ወለደች። በማኅበር ተደራጅተን ስንሠራ ለመንገድ፣ ለመብራትና ለውሃ ደጅ ጠንተናል። ስለ ፍሳሽ መስመር የተነሣ አጀንዳ ግን አላስታውስም። መንግሥት ያልዘረጋውን እያንዳንዳችን በየግቢያችን ቀበርነው። ከእንጦጦ 3,000 ሜትር ከፍታ ወደ አቃቂ የሚወርድ፣ ፍሳሽን ያለ ሞተር ለመውሰድ የተፈጠረ በሚመስል ምድር ላይ ይህ መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

መጣጭ መኪናው በሦስተኛው ቀን መጣ። በጠባቡ መንገድ እስኪዞር ሠፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ጠበቀን። ከዚያ በኋላ ወለሉን በኮንክሪት አስሞላሁ፣ ግድግዳውን አስለሰንሁ፤ መስረጊያውንም ከጎረቤት አጥር አርቄ እንደ አዲስ አስቆፈርሁ። ክዳኑ አሁን ከንጣፉ በላይ ይታያል፤ ባለቤቴ ግቢውን አበላሸብኝ ትላለች። የተመጠጠበትን ቀን በቀለም ጽፌበታለሁ፤ ከሥሩም ለሚቀጥሉት ቀኖች ቦታ ትቻለሁ።