የአልተን ከተማና አራተኛው ማተሚያ

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ አልተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የጃዝ ሊቁ ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1926 የተወለደባት፣ ሊንከንና ዳግላስም በ1858 የመጨረሻ ክርክራቸውን ያካሄዱባት ናት። ከሁሉ ይልቅ ስሟን ያስጠራው ግን የአንድ ጋዜጠኛ ደም ነው።

ኤላይጃ ላቭጆይ ሰባኪና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። በሴንት ሉዊስ ሳለ፣ በ1836 ፍራንሲስ ማኪንቶሽ የተባለ ነጻ ጥቁር ሰው ከነሕይወቱ በእሳት ሲቃጠል ድርጊቱን በጋዜጣው አወገዘ። ዛቻው ቢበረታበት ወንዙን ተሻግሮ አልተን ገባ። ኢሊኖይ ባርነትን የማትፈቅድ ግዛት ነበረች፤ የአልተን ነጋዴዎች ጥቅም ግን ከወንዙ ማዶ ካሉት ባሪያ አሳዳሪዎች ጋር የተሳሰረ ነበር። ሕግ ሌላ፣ ገበያ ሌላ። ሦስት የማተሚያ መኪናዎች ተራ በተራ ተሰባበሩበት።

አራተኛው መጥቶ በአንድ የድንጋይ መጋዘን ተቀመጠ። ኖቬምበር 7 ቀን 1837 ሌሊት፣ የታጠቁ ሁከተኞች መጋዘኑን ከበው፣ መሰላል አቁመው ጣሪያውን ሊያቃጥሉ ተነሡ። መሰላሉን ሊገፈትር የወጣው ላቭጆይ በጥይት ተመትቶ ወደቀ፤ 35 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ማተሚያው በመስኮት ተወረወረ፤ ስብርባሪውም ወንዝ ገባ።

በ1838 መጀመሪያ ፍርድ ቤት አስቀድመው የቀረቡት አጥቂዎቹ ሳይሆኑ መጋዘኑን የተከላከሉት ነበሩ! ኋላ አጥቂዎቹም ቀረቡ፤ ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው እንኳ አልተፈረደበትም። ወንድሙ ኦወን የባርነት ብርቱ ተቃዋሚ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባልና የሊንከን ወዳጅ ለመሆን በቃ። ለላቭጆይ በአልተን ረጅም ሐውልት የቆመለት በ1897፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1915 ደግሞ የማተሚያው ብረት ከሚሲሲፒ ወጣ።