‹‹ገና አልተረጋገጠም››፡- ሳይንሳዊ ጥርጣሬ በፖለቲካ መድረክ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1953 አጋማሽ የታላላቅ የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ኒውዮርክ በሚገኘው ፕላዛ ሆቴል ተሰበሰቡ። ሲጋራ ማጨስ ከሳንባ ካንሰር ጋር እንደሚያያዝ የሚያመለክቱ ጥናቶች በላይ በላዩ መውጣታቸው አሳስቧቸው ነበር። ሂል ኤንድ ኖልተን የተባለው የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት የሰጣቸው ምክር ሳይንሱን በቀጥታ እንዲያወግዙ ሳይሆን ተጨማሪ ምርምር የሚጠይቁ ሆነው እንዲቀርቡ ነበር። ኩባንያዎቹም ጃንዋሪ 4 ቀን 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ባወጡት ማስታወቂያ፣ ሲጋራ የካንሰር መንስዔ ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንደሌለና ባለሙያዎችም በጉዳዩ እንዳልተስማሙ ገለጹ። ለምርምሩ ገንዘብ እንደሚመድቡም ቃል ገቡ።

ስልቱ ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል። ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን በተባለው ኩባንያ ውስጥ በ1969 የተጻፈና ኋላ ይፋ የወጣ ማስታወሻ፣ የኩባንያው ምርት ጥርጣሬ እንደሆነ በግልጽ አስፍሯል። አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ሕዝብን ማታለላቸውን የወሰነው በ2006 ሲሆን፣ ይህም ከሆቴሉ ስብሰባ ከ50 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሁለት ዓይነት ‹‹አላውቅም››

ለሳይንቲስት እርግጠኛ አለመሆን የሥራው አካል እንጂ ጉድለት አይደለም። አንድ ጥናት ውጤቱን ሲያቀርብ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም አብሮ ይገልጻል። በፖለቲካ ክርክር ግን ‹‹ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ አይደለንም›› የሚለው አነጋገር ‹‹ምንም አይታወቅም›› ተብሎ ይተረጎማል። ከዚያም ‹‹ስለዚህ ምንም አይደረግ›› ወደሚል መደምደሚያ ይሻገራል። የመጀመሪያው ስለ ልኬት የተነገረ እውነት፣ ሁለተኛው ሐሰት ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ የፖለቲካ ውሳኔ ነው።

በ1950ዎቹ የሲጋራ ጭስ በሰውነት ውስጥ በየትኛው ሂደት ካንሰር እንደሚያመጣ በዝርዝር አይታወቅም ነበር። የሚያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት እጅግ በሚበልጥ መጠን በሳንባ ካንሰር እንደሚያዙ ግን ታውቋል። ኩባንያዎቹ ያልታወቀውን እያነሱ የታወቀውን ይሸፍኑበት ነበር።

የአርታኢው ብዕር

ይኸው ስልት በአየር ንብረት ለውጥ ክርክር ረቀቅ ብሎ ታይቷል። በ2002 ፍራንክ ለንዝ የተባሉት የፖለቲካ አማካሪ ለሪፐብሊካን ፓርቲ ሰዎች ባዘጋጁት ማስታወሻ፣ የሳይንሱን አለመረጋገጥ ዋና የመከራከሪያ ነጥብ አድርገው እንዲቀጥሉ መክረዋል። እኚሁ ሰው በ2019 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ያኔ ተሳስተው እንደነበር ተናግረዋል።

በጁን 2005 ደግሞ ኒውዮርክ ታይምስ የፊሊፕ ኩኒን ጉዳይ አጋለጠ። እኚህ የዋይት ሐውስ ባለሥልጣን ቀደም ሲል በአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት የሠሩ የሕግ ባለሙያ እንጂ ሳይንቲስት አልነበሩም። ሆኖም የመንግሥት ሳይንቲስቶች ባዘጋጇቸው ረቂቅ ሪፖርቶች ላይ በእጃቸው እርማት ያስገቡ ነበር። በአንድ ቦታ ላይ ያልተረጋገጡ ጉዳዮችን ከሚያነሳው ቃል ፊት ‹‹ጉልህና መሠረታዊ›› የሚል ቅጽል ጨመሩ። የተለወጠ አኀዝ አልነበረም፤ የአንባቢውን ግምት ለመለወጥ ግን ሁለት ቃላት በቂ ነበሩ። ኩኒ ዜናው በወጣ በቀናት ውስጥ ሥራቸውን ለቀው ኤክሶን ሞቢልን ተቀላቀሉ።

የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በበኩሉ ቃላቱን ከመቶኛ ጋር አስሯል። በ2001 ሪፖርቱ የሰው ልጅ ላለፉት 50 ዓመታት ሙቀት መጨመር ዋና ምክንያት የመሆኑን ዕድል ከ66 በመቶ በላይ አድርጎታል። ይህ ግምት በ2007 ከ90 በመቶ፣ በ2013 ከ95 በመቶ በላይ ደረሰ። በ2021 ደግሞ የሰው ልጅ ምድርን ማሞቁ አያጠራጥርም ሲል ደመደመ። ጥርጣሬው በየሪፖርቱ እየጠበበ ሄዷል፤ በፖለቲካው መድረክ ግን ‹‹ገና አልተረጋገጠም›› የሚለው ንግግር እንዳለ ቀጥሏል።

ከልክ ያለፈ እርግጠኝነት

ጥፋቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። በሜይ 1990 የእንግሊዝ የግብርና ሚኒስትር ጆን ገመር ‹‹የእብድ ላም በሽታ›› ለሰው እንደማያሰጋ ለማሳየት በካሜራ ፊት ለትንሽ ልጃቸው ሀምበርገር አቀረቡ። ማርች 20 ቀን 1996 መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ለፓርላማ አመነ። በዚሁ ሳቢያ በአገሪቱ ከ170 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ2000 የቀረበው የምርመራ ሪፖርት መንግሥት ሕዝቡን አልዋሸም፣ ሕዝቡን ለማረጋጋት ያካሄደው ዘመቻ ግን ስህተት ነበር ብሏል። ሕዝቡ የተከዳ ያህል ተሰማው፤ ከዚያ ወዲህ የሚነገረው እውነትም ቢሆን ለመታመን ተቸገረ።

አንድ ሪፖርት፣ ሁለት ንባብ

ጉዳዩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የታላቁ ህዳሴ ግድብን የመረመረው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ቡድን ሪፖርቱን ያቀረበው ሜይ 31 ቀን 2013 ነበር። ቡድኑ ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳንና ከግብፅ ሁለት ሁለት ባለሙያዎችን፣ ከሌሎች አገሮች ደግሞ አራት ያካተተ ሲሆን፣ በታችኛው ተፋሰስ ላይ የሚኖረውን ተፅዕኖ በተመለከተ ተጨማሪ ጥናቶች እንዲካሄዱ ጠይቋል። አዲስ አበባ ሪፖርቱን ግድቡ ጉልህ ጉዳት እንደማያደርስ ማረጋገጫ አድርጋ ስታቀርበው፣ ካይሮ ደግሞ የጥናቶቹን አለመሟላት የሥጋቷ ማስረጃ አደረገችው። ሪፖርቱ ልኬቱ አልተሟላም ማለቱ ጉዳት ይኖራል ማለት አልነበረም፤ ጉዳት አይኖርም ማለትም አልነበረም። በኖቬምበር 2017 ሦስቱ አገሮች በጥናቱ መነሻ ሰነድ ላይ ባለመስማማታቸው ሥራው ቆመ፤ ግድቡ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ተመረቀ።

ምን እንጠይቅ?

አንድ ተከራካሪ ‹‹ጉዳዩ አልተረጋገጠም›› ሲል አድማጭ ሦስት ጥያቄዎችን ሊያነሳ ይገባል። አንደኛ፣ ያልተረጋገጠው የትኛው ክፍል ነው? መኖሩ ነው፣ መጠኑ ወይስ ጊዜው? ሁለተኛ፣ ተናጋሪው በቂ ነው የሚለው ማስረጃ ምን ዓይነት ነው? መልስ ከሌለው የሚፈልገው ማስረጃ ሳይሆን ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ እየተጠበቀ ሳለ የሚከፍለው ማን ነው? የሲጋራው ክርክር በቀጠለባቸው ዓመታት ኩባንያዎቹ ሲያተርፉ ዋጋውን የከፈሉት አጫሾቹ ናቸው።

ሙሉ እርግጠኝነት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። እስከዚያ መጠበቅ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል።