ተማሪዎች የት ይደሩ? ለትምህርት ቤት ጉብኝት ማረፊያ ሲመረጥ

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና አልቆ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲለቀቁ በርካታ ትምህርት ቤቶች የጉብኝት መርሐ ግብር ያወጣሉ፡፡ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ሐረር፣ ጎንደርና ላሊበላ በተማሪዎች ጉዞ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራ ከተሞች ናቸው፡፡ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ አውቶቡስ ይፈለጋል፣ የምግብና የመግቢያ ሒሳብ ይሰላል፡፡ ማደሪያ ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ የሚወሰነውም በአብዛኛው በዋጋ ነው፡፡

ተማሪው ቀኑን የሚውለው በመምህሩ ዐይን ሥር ነው፡፡ ሌሊቱን ግን በማያውቀው ቤት፣ በማያውቃቸው እንግዶች መካከል፣ በር ዘግቶ ያድራል፡፡ ልጆች በብዛት የሚያድሩበት ቤት ሲበላሽ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ መሆኑን ጎረቤታችን ኬንያ በተደጋጋሚ አይታዋለች፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 በኪያንጉሊ አዳሪ ትምህርት ቤት በተነሣ የእሳት አደጋ 67 ተማሪዎች ሲሞቱ፣ ከማደሪያው ሁለት በሮች አንደኛው ተቆልፎ፣ መስኮቶቹም በብረት ታጥረው ነበር፡፡ በመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በኒዬሪ አካባቢ በሚገኘው ሂልሳይድ ኢንዳራሻ ትምህርት ቤት ማደሪያ ተቃጥሎ 21 ልጆች አልቀዋል፡፡ እነዚህ የጉዞ ማረፊያዎች አልነበሩም፤ ትምህርቱ ግን ልጆችን ይዞ ለሚያድር ሁሉ አንድ ነው፡፡

ይህ ጽሑፍ ለጉዞ ኮሚቴዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ማረፊያ ሲመረጥ መታየት ያለባቸውን ነገሮች በቅደም ተከተል ያቀርባል፡፡

ቀኑን አስቀድሞ ማየት

ማረፊያ ከመፈለግ በፊት ቀን መምረጥ ይቀድማል፡፡ ጥር 11 ቀን ለሚከበረው ጥምቀት በጎንደር፣ ለገና በላሊበላ፣ ለኅዳር ጽዮን በአክሱም፣ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቀን ለሚውለው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ደግሞ በድሬዳዋና በሐረር ባዶ ክፍል ማግኘት አስቸጋሪ ነው፡፡ ቢገኝም ዋጋው ይወደዳል፤ የተያዘ ክፍልም ለሌላ ተሰጥቶ ሊቆይ ይችላል፡፡ 40 ተማሪ ይዞ በምሽት ክፍል ፍለጋ ከሆቴል ሆቴል መዞር ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል፡፡ ስለዚህ ጉዞው ከበዓሉ ጋር የተያያዘ ካልሆነ በቀር ከእነዚህ ቀናት ፊትና ኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን መራቅ ይመረጣል፡፡

ሁለተኛው ጉዳይ ጸጥታ ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ለዓመታት የተማሪ አውቶቡስ የለመዳቸው መንገዶች ተቋርጠው ታይተዋል፡፡ ከመዳረሻው ከተማ አስተዳደርና ፖሊስ የወቅቱን ሁኔታ ሳይጠይቁ ቀብድ መክፈል ተገቢ አይደለም፡፡ አውቶቡሱ ቀን በብርሃን ደርሶ የሚያድርበትን ከተማ መምረጥም ያስፈልጋል፡፡ ወደ ሐዋሳ የሚደረግ ጉዞ ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ በግማሽ ቀን ያልቃል፡፡ አርባ ምንጭ ግን ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ በማለዳ መነሣት ወይም መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ማደር ከማታ ጉዞ ይሻላል፡፡

ምን ዓይነት ማረፊያ?

በአገራችን ለተማሪ ቡድን የሚሆኑ ማረፊያዎች በጥቅሉ አምስት ናቸው፡፡ እያንዳንዱ የራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው፡፡

1. ሆቴል፡- ምግብ ቤት፣ ጥበቃና ተረኛ ሠራተኛ በአንድ ግቢ ይገኛሉ፡፡ ችግሩ መጠጥ ቤት፣ የሠርግ አዳራሽ ወይም የምሽት ክበብ አብሮ ሊኖር መቻሉ ነው፡፡ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው የኮከብ ምደባ ስለ ሆቴሉ አገልግሎት ይናገራል፤ ሆቴሉ ለ13 ዓመት ልጅ ተስማሚ መሆኑን ግን አይናገርም፡፡

2. ፔንሲዮን፡- ርካሽ ነው፤ ትንሽ በመሆኑም ቡድኑ ሙሉውን ቤት ሊይዘው ይችላል፡፡ ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ክፍል በሰዓት የሚያከራዩ ናቸው፡፡ ሌሊቱን ሙሉ የማይታወቅ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ቤት፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ፣ ለተማሪ አይሆንም፡፡ ሙሉውን ቤት መያዝ የማይቻል ከሆነ መተው ነው፡፡

3. የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ ማደሪያ፡- ግቢው የታጠረ፣ በሩ የሚጠበቅ፣ ቤተ መጻሕፍትና ሜዳ ያለው ነው፡፡ ማደሪያው በራሳቸው ተማሪዎች የሚያዝ በመሆኑ ጥያቄው በትምህርት ቤቱ ማኅተም በተደገፈ ደብዳቤ ከወራት በፊት መቅረብ አለበት፡፡ ለአቅመ አዳም ከደረሱ ተማሪዎች ጋር አንድ ኮሪደር መጋራት እንደማይኖርም መረጋገጥ ይገባዋል፡፡

4. የሃይማኖት ተቋማትና የማሠልጠኛ ማዕከላት ማረፊያ፡- ጸጥታቸው ጥሩ ነው፤ በር የሚዘጋበት ሰዓትም የታወቀ ነው፡፡ ቡድኑ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች ያሉበት ከሆነ የግቢውን ደንብ ቀድሞ ማወቅና ለወላጆች መግለጽ ያስፈልጋል፡፡

5. የእህት ትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል፡- ፍራሽ ዘርግቶ ማደር ወጪን እጅግ ይቀንሳል፡፡ የመጸዳጃ ቤቱ ብዛትና ርቀት፣ የሌሊት መብራቱ፣ የበሩ መቀርቀሪያና የግቢው ዘበኛ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቁ ናቸው፡፡

ሄዶ ማየት

በስልክ ብቻ የተያዘ ማረፊያ ያልታየ ማረፊያ ነው፡፡ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዲት ሴት መምህርት ያለችበት ቡድን፣ ቀደም ብለው ሄደው አንድ ሌሊት ቢያድሩበት ወጪው አያስቆጭም፡፡ ሌሊቱ ቀን የማይታየውን ያሳያል፤ ሙዚቃው ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ተረኛው ቢጠራ እንደሚመጣ፣ ውኃ ጠዋት እንደሚኖር የሚታወቀው አድሮ ነው፡፡ ሲያዩ የሚከተሉትን ያረጋግጡ፡፡

• መውጫ፡- ከየፎቁ ቢያንስ ሁለት መውረጃ አለ ወይ? የኋላው በር ሌሊት በቁልፍ ይዘጋል? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? «ዘበኛው ይዞት ይተኛል» የሚል መልስ በቂ አይደለም፡፡
• መስኮት፡- በሌባ ምክንያት በብረት የታጠረ መስኮት በእሳት ጊዜ መውጫ አይሆንም፡፡ ብረቱ ከውስጥ የሚከፈት መሆኑን ይመልከቱ፤ ካልሆነ በሩና ደረጃው ይበልጥ አስተማማኝ መሆን አለባቸው፡፡
• በረንዳ፡- መከለያው ዝቅተኛ ከሆነ ታናናሾቹን እዚያ ፎቅ ላይ አያሳድሩ፡፡
• ኤሌክትሪክ፡- የተላጠ ሽቦ፣ የሚሞቅ ሶኬት፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተንጠለጠለ የውኃ ማሞቂያ ገመድ ካለ ክፍሉን አይቀበሉ፡፡ የእሳት ማጥፊያው ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንና ሠራተኞቹ አጠቃቀሙን ማወቃቸውን ይጠይቁ፡፡
• ውኃ፡- በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ሮቶው ለ40 ሰው ለሁለት ቀን ይበቃል ወይ? መብራት ሲጠፋ ውኃውን የሚስበው ፓምፕ በጄኔሬተር ይሠራል?
• አልጋ፡- ፍራሹን ገልብጦ ስፌቱን ማየት ነውር አይደለም፡፡ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ የትኋን ምልክት ነው፡፡
• ግቢ፡- አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ይቆማል ወይስ ልጆቹ አስፋልት ላይ ይወርዳሉ? ለሾፌሩና ለረዳቱ ጸጥ ያለ ክፍል መኖሩም አይዘንጋ፤ እንቅልፍ ያጣ ሾፌር የነገው አደጋ ነው፡፡
• ሐኪም ቤት፡- በቅርብ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ሌሊት ተሽከርካሪ ከየት ይገኛል?

ወባ፣ ብርድና ከሰል

በኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ አካባቢዎች በአብዛኛው የወባ ሥጋት አለባቸው፡፡ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አርባ ምንጭ ሦስቱም ከዚህ በታች ናቸው፡፡ በሽታው የሚበረታው ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ቀጥሎም በሚያዝያና በግንቦት ነው፡፡ ከተማ ውስጥ ማደርም ዋስትና አይሆንም፡፡ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው ወረርሽኝም ምክንያት መሆኗ ታውቋል፡፡ ስለዚህ በእያንዳንዱ አልጋ ያልተቀደደ አጎበር፣ በመስኮቱም የትንኝ መከላከያ ወንፊት መኖሩ ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው፡፡ ከጉዞ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጃቸው ቢያተኩሰው የት ሄዶ እንደነበር ለሐኪም እንዲናገሩ ለወላጆች መንገር ያስፈልጋል፤ የወባ ትኩሳት ከንክሻው በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ቆይቶ ይጀምራልና፡፡

ደጋ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፡፡ ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደባርቅና የባሌ ተራሮች አካባቢ ከዚያም ይበልጣሉ፡፡ በየአልጋው ሁለት ብርድ ልብስ መኖሩን ይጠይቁ፡፡ ክፍል ለማሞቅ የከሰል ምድጃ ማስገባት ግን በፍጹም መፈቀድ የለበትም፡፡ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል፡፡ ማታ ቡና የተፈላበት ምድጃም ከክፍል ውጪ ማደር አለበት፡፡

ሐይቅ ዳር የሚገኝ ማረፊያ ለልጆች ደስ ይላል፤ ሥጋቱን ግን አብሮ መመዘን ነው፡፡ በጣናና በሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለ፤ በጫሞና በአባያ አዞ አለ፡፡ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ከተመረጠም ገንዳው ማታ የሚዘጋ፣ ቀንም ጠባቂ ያለው መሆን ይኖርበታል፡፡

የክፍል ድልድል

ድልድሉ ሆቴል ከደረሱ በኋላ በኮሪደር ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም፡፡ የክፍሎቹን ንድፍ ቀድሞ አምጥቶ በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል፡፡ ሴቶችና ወንዶች በተለያየ ፎቅ ወይም ክንፍ ያድራሉ፡፡ የመምህራን ክፍል በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ፣ በተለይም በደረጃው አጠገብ ይሆናል፤ በሴቶቹ በኩል ሴት መምህራን ይመደባሉ፡፡ ለአሥር ተማሪ አንድ አዋቂ መመደብ እንደ መነሻ ሊያዝ ይችላል፤ ለታናናሾች ቁጥሩ ከዚህ ማነስ አለበት፡፡

ማንም አዋቂ፣ መምህርም ቢሆን፣ ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻውን አንድ ክፍል አያድርም፤ በር ዘግቶም አይቀመጥም፡፡ ይህ ደንብ ልጁንም መምህሩንም ይጠብቃል፡፡ ወጪ ለመቀነስ ሁለት ልጆችን በአንድ አልጋ ማስተኛት የተለመደ ቢሆንም ወላጅ ሳያውቅና ልጁ ሳይስማማ መደረግ የለበትም፡፡ አስም፣ ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ለመምህር ክፍል ይቀርባል፤ ጓደኞቹም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይነገራቸዋል፡፡ መራመድ የሚያስቸግረው ተማሪ ካለ ምድር ቤት ክፍል ይያዝለታል፡፡

ከሆቴሉ ጋርም አስቀድሞ መነጋገር ያለባቸው ነገሮች አሉ፡፡ ለቡድኑ በተያዘው ፎቅ ሌላ እንግዳ እንዳይገባ፣ የክፍል ቁጥር ለጠያቂ እንዳይሰጥ፣ ለተማሪ መጠጥ እንዳይሸጥ በግልጽ ይነገር፡፡ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ስለሚከለክል ሆቴሉ ይህን እንደ ልዩ ጥያቄ ሊቆጥረው አይችልም፡፡

ምግብ

ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ወቅት የጾም ምግብ ለሚፈልጉ፣ ለሙስሊም ተማሪዎችም በሙስሊም የታረደ ሥጋ መኖሩን ሆቴሉ ቀድሞ ማሳወቅ አለበት፡፡ «እንቁላል ይብሉ» የሚለው መልስ ለሦስት ቀን አያስኬድም፡፡ ጉዞው ረመዳን ላይ ከዋለ የሱሁር ምግብ በሌሊት የሚያቀርብ ሠራተኛ ይኖራል ወይ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል፡፡

ዋጋና ውል

ሆቴሎች ዋጋ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይጨምሩ ነው፡፡ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፡፡ አንድ ክፍል 1,000 ብር ተብሎ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ታክስ ሲታሰብ 1,265 ብር ይሆናል፡፡ ሃያ ክፍል ለሦስት ሌሊት ቢያዝ 60,000 ብር የተባለው 75,900 ይደርሳል፡፡ 15,900 ብር ከተማሪ ኪስ በመጨረሻ ሰዓት አይሰበሰብም፡፡

ስለዚህ የቃል ስምምነት በቂ አይደለም፡፡ አጭር ውል ይጻፍ፡፡ የክፍሉ ብዛትና ቁጥር፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የቀብዱ መጠን፣ ጉዞው በጸጥታ ወይም በሕመም ቢሰረዝ ምን ያህል እንደሚመለስ፣ ሆቴሉ ክፍሉን ለሌላ ቢሰጥ ምን እንደሚያደርግ ይጠቀስበት፡፡ ቀብድ ያለ ደረሰኝ አይከፈል፡፡

ለወላጅ የሚሰጥ ወረቀት

ወላጅ ከመፈረሙ በፊት የማረፊያውን ስም፣ ከተማውንና ስልኩን፣ የኃላፊ መምህሩን ስልክ፣ ልጁ ከስንት ልጆች ጋር እንደሚያድር ማወቅ መብቱ ነው፡፡ «ሆቴሉን ስንደርስ እናሳውቃለን» የሚል ትምህርት ቤት ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው፤ ወላጅም ፊርማውን ቢያቆይ ማንም ሊቀየመው አይገባም፡፡

መምህራኑ ደግሞ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ከነማኅተሙ፣ የተማሪዎች መታወቂያና የወላጆች ስልክ በወረቀት ይዘው ይጓዛሉ፤ በኬላም በሆቴል መዝገብም ይጠየቃል፡፡ የከተማውን ፖሊስ፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ስልክም እንደደረሱ ይመዘግባሉ፡፡ በመጀመሪያው ምሽት፣ እራት ከመቅረቡ በፊት፣ ተማሪዎቹን በሙሉ በመውጫው ደረጃ አስወርዶ ግቢ ውስጥ መቁጠር ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም፡፡ ልጆቹ ጨዋታ ይመስላቸዋል፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጭስ ቢሸት ግን በየት በኩል እንደሚወጡ እግራቸው ያውቀዋል፡፡