የወይን ዘር ውህዶችና ፀረ ኦክሲደንት ባሕርያቸው

የወይን ዘር ሲታኘክ አፍን የሚያደርቀው ፕሮአንቶሲያኒዲን የተባለው የታኒን ዓይነት ነው፤ የሚገነባውም ካቴኪንና ኤፒካቴኪን ከተባሉ አነስተኛ ውህዶች ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ ማስኬሊዬ በ1947 እ.ኤ.አ. ከኦቾሎኒ ቆዳ ለይቶ ያወጣቸው ውህዶችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ውህዶቹ ፀረ ኦክሲደንት የተሰኙት ፍሪ ራዲካል ለሚባሉት፣ ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ለያዙ ቅንጣቶች ሃይድሮጂን በመስጠት ስለሚያረጓቸው ነው። ብረትንም አጥብቀው በመያዝ አዳዲስ ፍሪ ራዲካሎች እንዳይፈጠሩ ያግዳሉ። ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ጎልቶ የሚታየው በቤተ ሙከራ ነው። በሰው አካል ውስጥ ትልልቆቹ ሞለኪውሎች የአንጀትን ግድግዳ እምብዛም አያልፉም፤ አብዛኞቹ ትልቁ አንጀት ደርሰው በባክቴሪያዎች ይሰባበራሉ። በመሆኑም የወይን ዘር እንክብል በሽታን እንደሚፈውስ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ብረትን የመያዝ ባሕርይ ሌላም ገጽታ አለው። ከጤፍ፣ ከምስርና ከሌሎች ዕፅዋት የሚገኝ ብረት ከታኒን ጋር ሲጣበቅ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ የደም ማነስ ያለበት ሰው የወይን ዘር እንክብልን ከምግብ ወይም ከብረት እንክብል ጋር መውሰድ አይመከርም። ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ደኅንነቱ በበቂ ጥናት ስላልተረጋገጠ ከመጠቀም መቆጠብ ይገባል። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም አስቀድመው ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።

ከዘሩ የሚጨመቀው ዘይት ከዚህ የተለየ ነው፤ ታኒኖቹ በዘይት ስለማይሟሙ በአብዛኛው በፋጉሎው ውስጥ ይቀራሉ።